የማናህሎሽ ስልስ

ከሥራው የተሰናበተ ሰው ሌላ ሙያ ይዞ ሲቀናው፣ በአንድ ቤት ያልተፈለገች ልጅ በሌላ ቤት እመቤት ስትሆን፣ የእኛ አገር ሰው ፈገግ ይልና አንዲት አባባል ጣል ያደርጋል። አባባሏን አሁን አልናገራትም፤ ቦታዋ መጨረሻ ላይ ነው። ከተሜው ከምግብ ቤት የወጣች ይመስለዋል። እንዲያውም አንድ ጊዜ ምሳ ቤት ውስጥ አንድ ሰውዬ ዐይኑን በጨው ታጥቦ፣ የሆነ ሆቴል ወጥ ቤት እንደፈጠራት ለጓደኞቹ ሲያስረዳ ሰምቼ፣ ማዕዴን ትቼ ልነሣ ምንም አልቀረኝም ነበር። አባባሏ የሾላ ምንጭ ናት። እናቴ ያን ጊዜ ሽንኩርት ከከተፉት ሴቶች አንዷ ነበረችና የሆነውን ሁሉ በዐይኗ አይታለች። እኔም ከእሷ የሰማሁትን ነው የምነግራችሁ።

ሾላ ምንጭ ከሸዋ ሮቢት ወረድ ብሎ የሚገኝ የቆላ መንደር ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ማሳ ለማሳ ተጎራብቶ ያርሳል። የቆላ ሰማይ አይታመንምና የሁሉም ኑሮ የተንጠለጠለው ከወንዙ በተጠለፈች አንዲት ቦይ ላይ ነው። ውሃው በተራ ይታደላል። ተራውን የሚያከፋፍሉ፣ ጠብ ሲነሣም የሚዳኙ አንድ ሽማግሌ በመንደሩ ይመረጣሉ፤ «የውሃ አባት» ይባላሉ። በዚያ ዘመን የውሃ አባቱ አያ ይመር ነበሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሲናገሩ ግን ሰው ሁሉ ዶማውን ተደግፎ የሚሰማቸው ሰው ነበሩ ይባላል።

የቦይዋ ሕግ አጭር ነው። ጎርፍ ቦዩን የደፈነው እንደሆነ ከየቤቱ አንድ ቆፋሪ ይወጣል። ቆፋሪ የሌለው ቤት ደግሞ ቆፋሪዎቹን አንድ ቀን ምሳ ያበላል። ከሁለቱ አንዱን ያላደረገ ቤት የውሃ ተራው ለሌላ ይተላለፋል። ምሳው ምሳ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን የሚፈርዱት ደግሞ ራሳቸው ቆፋሪዎቹ ናቸው። ከጠገቡ ከሰዓት በኋላ ወደ ቦዩ ይመለሳሉ፤ ካልጠገቡ ዶማቸውን ተሸክመው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ይህን በማድረጋቸው ማንም አይወቅሳቸውም፤ ያልበላ አይቆፍርም።

ማናህሎሽ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ ገና ዶማ ለመያዝ ያልደረሱላት ሴት ነበረች። ማሳዋ በቦዩ ራስ ላይ ነው፤ ውሃው ከማንም በፊት የሚደርሰው እሷ ጋ ነው። መንደሩ በሙሉ ሽንኩርት ሲተክል እሷ ቲማቲም ተከለች። ለምን እንደሆነ ሲጠይቋት፣ «ሽንኩርት ያስለቅሳል፤ እኔ ያለቀስኩት ይበቃኛል» አለች አሉ። ቲማቲሙም አላሳፈራትም። በየካቲት ወር ችግኙ ፍሬውን መሸከም አቅቶት በድጋፍ እንጨቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

አሁን ቸርነት ይመጣል። ቸርነት በኢሱዙ መኪና እየመጣ አትክልት የሚጭን ነጋዴ ነው። ወላጆቹ ስሙን ሲያወጡለት ምኞታቸውን አውጥተውለት እንደሆነ እንጃ እንጂ ቸርነትስ በደጁም አላለፈች። ቲማቲም ለመንገድ የሚለቀመው ጉንጩ ገና ቀላ ሲል እንደሆነ ማናህሎሽም ታውቃለች። ልትለቅም ስትል ግን ቸርነት ከለከላት። አሁን እንዳትነኪው፣ ሁሉንም በአንድ ጊዜ እወስድልሻለሁ፣ በቃሌ እመኚኝ አላት። አመነችው። እሱ ግን ቀረ። ቲማቲሙ ቀላ፣ ከዚያ በሰለ፣ ከዚያ አልፎ ይሰነጣጠቅ ጀመር። እሷ ጠዋት ጠዋት መንገዱን ታያለች፤ መኪናው የለም።

በዚህ መሐል የበልግ ዝናብ ከደጋው ላይ ወረደና ጎርፉ ቦዩን በአሸዋና በድንጋይ ደፈነው። አያ ይመር ቁፋሮው በሳምንቱ እንዲሆን አወጁ። ማናህሎሽ ቲማቲሙን ሸጣ ሽሮና ዘይት ገዝታ ቆፋሪዎቹን ለማብላት ነበር ያሰበችው። ጾም ስለነበር ሥጋ የሚጠብቅ አልነበረም። ቤቷ ውስጥ ግን ከማሽላ እህልና ከበርበሬ በቀር የሚጠቀስ ነገር አልነበረም።

ቸርነት የመጣው ከጎርፉ በኋላ ነው። ሰዎች የቦዩን ጉዳት ሊያዩ ተሰብስበው ሳለ ከመኪናው ወርዶ ማሳዋ ውስጥ ገባ። አንድ ቲማቲም ቀንጥሶ በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው፤ ፈነዳ። ጣቱን በሱሪው ጠረገና ራሱን ነቀነቀ።

«ይህ ወድቋል» አላት። «ገበያው ጥሎታል። አዲስ አበባ ሳይደርስ መኪናዬ ላይ ውሃ ነው የሚሆነው።»

«ጠብቂኝ ያሉኝ እርስዎ ነዎት» አለችው።

ገበያን እኔ አልሠራሁት አለና ወደ ልቡ ነገር ገባ። ማሳውን በእኩል እንድትሰጠው ጠየቃት። እሱ ያርሳል፣ እሱ ያለማል፣ እሱ ይሸጣል፤ እሷ ድርሻዋን ቁጭ ብላ ትቀበላለች። በምላሹ ቆፋሪዎቹን እሱ ያበላል፤ የውሃ ተራዋም አይነካባትም። ሲናገሩት ያምራል። ነገር ግን ለቸርነት ማሳቸውን በእኩል የሰጡ ሰዎችን ሾላ ምንጭ ያውቃቸዋል። ሁለት ክረምት ሳያልፍ በገዛ ማሳቸው ላይ የእሱ የቀን ሠራተኛ ሆነዋል። ያን ሁሉ ጊዜ ያስጠበቃት ለምን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባት። እናቴ እንደምትለው ፊቷ አመድ መሰለ፤ ትወድቃለች ብለው ሴቶቹ ጠጋ አሉ። እሷ ግን አልወደቀችም።

«ማሳዬን አልሰጥም» አለች። «ቆፋሪዎቹንም እኔው አበላለሁ።»

«በምን?»

«በዚሁ።»

ቸርነት ሣቀ። ብቻውን አልሣቀም፤ እውነቱን ለመናገር ከመንደሩም የሣቀ ነበር። በቆላው ቲማቲም ማባያ ነው እንጂ ወጥ አይደለም፤ ከሚጥሚጣና ከጨው ጋር ተቆራርጦ ከእንጀራ ጎን የሚቀመጥ ነገር ነው። ድንጋይ የሚፈነቅል ሰው በእሱ ይጠግባል ብሎ ያሰበ የለም። ሣቁ አጅቦት ቸርነት ሞቅ አለው፤ ሰው እንዲሰማም ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ቆፋሪ ይህን ቀምሶ ‹ጨምሩልኝ› ካለ፣ ነጠላ አደግድጌ የማሳልፈው እኔ ነኝ።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው እውነት ነው። አያ ይመር ከቦዩ ዳር ሆነው ሰምተውታል።

«ቃል ነው?» አሉት።

«ቃል ነው፣ አያ ይመር። ግን ዶማቸውን ተሸክመው ወደ ቤታቸው ከሄዱ ማሳው በእኩል ለእኔ ይሁን።»

አያ ይመር ማናህሎሽን አዩዋት። እሺ እንዳትል በዐይናቸው የለመኗት ሁሉ ይመስላል። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀችና ተስማማች። ነገሩ በዚያው ታሰረ።

ሴቶቹ ከቸርነት ጋር ሆነው ቢሥቁም፣ እሷ ብቻዋን ስትቀር ሆዳቸው አልቻለም። ሙስሊሟ ጎረቤቷ ሉባባ የኑግ ዘይት በማሰሮ ይዛ መጣች። ሌሎቹ አንገቱ ወፍሮ ነጋዴ የማይወስደውን ሽንኩርት በከረጢት ተሸክመው አመጡ። የእድሩ ትልቁ የድግስ ድስት፣ ጎላው፣ ተለምኖ መጣ። ማናህሎሽም ለሙከራ በትንሽ ድስት ጀመረች። ቁሌቱን አቁላልታ፣ በርበሬውን አብስላ፣ ቲማቲሙን ከተተች፤ ወጥ ሲሠራ ሁሌ እንደሚደረገው ውሃ ጨመረች። እናቴ እንኳ ውሃውን ያቀበልኳት እኔ ነኝ ትላለች። ሲፈላ ቀጠነ፣ ሲቀመስ ኮመጠጠ።

ሉባባ ቀምሳ ፊቷን አጨማደደች። «ማናዬ፣ ይሄ እኮ የጎርፍ ውሃ ላይ ሎሚ እንደጨመቁ ነው» አለቻት።

የዚያን ጊዜ ማናህሎሽ ፈራች። ድስቱ ሥር ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች። ባሏ ያወረሳትን፣ ልጆቿ የሚያድጉበትን ማሳ በአንድ ድስት ላይ እንዳስያዘች አሁን ነበር በደንብ የታያት። ከዚያ ከተሰበሰበው ቲማቲም አንዱን አንሥታ ለሁለት ከፈለችው፤ ውሃው በእጇ ላይ ወረደ። እሷም ሲወርድ አየችው።

«ይሄ ራሱ ውሃ ነው» አለች። «በውሃ ላይ ውሃ ጨምረን ነው።»

ድስቱን ደፋችው፤ እንደገና ጀመሩ። ቲማቲሙን በፈላ ውሃ ነከር አድርገው ልጣጩን ገፈፉት፤ እንደ እርጥብ ሸማ እየተንሸራተተ ወጣ። የተሰነጠቀውን ቆርጠው ጣሉ፣ ደህናውን ከተፉ። ጎላው በግራር ፍም ላይ ተጣደ። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት፣ ያለ ውሃ፣ በገዛ እርጥበቱ ተቁላላ፤ ውሃውን ጨርሶ ጠየም ሲል የሉባባ ኑግ ዘይት ገባ፤ ከዚያ በርበሬውና ነጭ ሽንኩርቱ። ቤቱም ደጁም በመዓዛው ታጠነ፤ መንገደኛው ሁሉ እያስነጠሰ አለፈ። ቲማቲሙ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ጠብታ ውሃ አልተጨመረም። በመጠነኛ እሳት፣ እያማሰሉ፣ አንዷ ክንዷ ሲዝል ሌላዋ ማማሰያውን እየተቀበለች ዋሉ።

ቲማቲሙ መጀመሪያ ጎላውን ሞልቶ ሊፈስ ደረሰ። ከዚያ መውረድ ጀመረ። ወረደ፣ ወረደ፣ ወገቡ ላይ ደረሰ፣ አሁንም ይወርዳል። እናቴ ደነገጠች። ያን ሁሉ ቲማቲም ለቅመን ይህ ብቻ ሊሆን ነው፣ በዚህ ያን ሁሉ ሰው ልናበላ ነው አለች። ማናህሎሽ ማማሰያውን አላቋረጠችም።

«ያነሰው ውሃው ነው፤ ቲማቲሙ እዚያው አለ» አለቻት።

ማማሰያው ሲጎተት የጎላው ወለል ብቅ ብሎ ወዲያው የሚሸፈንበት ደረጃ ሲደርስ ጨውና ጥቂት አብሽ፣ በመጨረሻም በሶብላ ጨመረችበት። ቀለሙ ወደ ደም አደላ። ዘይቱ ላዩ ላይ ተንሳፈፈ፤ ስልስ የምንለው ወጥ ሆነ። ሉባባ ዳግመኛ በጣቷ ቀመሰችና ጣቷን እንደገና ነከረች። ከዚያ ሁሉም ሴቶች ጣታቸውን ነከሩ። ማናህሎሽ እጃቸውን ባትመታቸው ኖሮ ለቆፋሪ የሚተርፍ አይኖርም ነበር ብላ እናቴ ስታወራ እስከ ዛሬ ትሥቃለች።

በማግስቱ ቆፋሪው ሲቆፍር አርፍዶ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ከቦዩ ዳር ባለው ትልቅ ሾላ ጥላ ሥር ተሰበሰበ። ቸርነትም መጣ። ኢሱዙውን አቁሞ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን አነባብሮ ይጠብቃል። የማሽላ እንጀራው ተዘረጋ፤ ሁለት ጎላ መጣድ፣ የክርስቲያን ወገን የሙስሊም ወገን ማለት አላስፈለገም። ሥጋ የለበት፣ ቅቤ የለበት፤ ጿሚውም አይፈራው፣ ሌላውም አይጠየፈው። ሁሉም ከአንድ ጎላ ተጨለፈለት።

ከቆፋሪዎቹ መካከል ጫኔ የሚባል ግዙፍ ሰው ነበር። ከሠርግ ቤት እንኳ «ተርቤ ወጣሁ» ብሎ የሚያማ ሰው ነው። ቸርነት ተስፋውን የጣለው በእሱ ላይ እንደሆነ አያጠራጥርም፤ ዐይኑን ከእሱ ላይ አላነሣም። ማናህሎሽ ጭልፋውን ይዛ ቆማለች። ጫኔ አንድ ጊዜ ጠቅለል አድርጎ ጎረሰ። አኘከ። እንደገና ጎረሰ። ሌላውም ሰው መብላቱን ትቶ እሱን ያያል። ፊቱ ያለውን እንጀራ በሙሉ ጠርጎ ጨረሰና ጣቱን እየላሰ ቀና አለ።

«ጨምሩልኝ» አለ።

የሾላውን ወፍ የሚያስበረግግ ሣቅ ሆነ። አያ ይመር ግን አልሣቁም። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወደ ድንጋዩ ዘረጉ።

«ቸርነት፣ ተጠርተሃል» አሉት።

ቸርነት መኪናውን ዞር ብሎ አየ። መሄድ ይችል ነበር። ነገር ግን ሽንኩርቱን የሚጭኑለት እነዚሁ ሰዎች ናቸው፤ በውሃ አባት ፊት ቃሉን ለበላ ሰው ደግሞ በሾላ ምንጭ አንድ ከረጢት የሚያነሣለት አይገኝም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ተነሣ። ነጠላውን ተቀብሎ ወገቡ ላይ አደገደገ። ማናህሎሽ ጭልፋውን ሰጠችው።

ከዚያ ወዲያ ያለውን እናቴ በደስታ እያለቀሰች ነው የምትተርከው። ከዚህ «ወዲህ በል» ይሉታል፣ ከዚያ «አሳላፊው፣ እኛን ረሳኸን» ይሉታል። ጎንበስ ይላል፣ ይጨልፋል፣ ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። አንዱ እጅህ ይቆጥባል፣ ጭልፋው ይሙላ ይለዋል፤ ሌላው ገበያ ላይ መሰለህ እንዴ ይለዋል። ጎላው እየጎደለ ሄደ። ጫኔ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጨምርለት ደግ አሳላፊ መጉረስ አለበት አለና ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ዘረጋለት። ጉርሻ እምቢ አይባልም። ቸርነት አፉን ከፈተ።

አኘከ። ጣዕሙ ገባውና ፊቱ ተለወጠ። ማናህሎሽ ያየችው ይህን ነበር፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማሳዬ የእኔ እንደሆነ ልቤ አረፈ ብላለች።

በልተው ሲያበቁ ቆፋሪዎቹ እጃቸውን ታጠቡ። ጫኔ ዶማውን አነሣና ትከሻው ላይ አደረገው። ለአንድ አፍታ ወደ መንደሩ መንገድ ያቀና መሰለ። ከዚያ ወደ ቦዩ ወረደ። ሌሎቹም ተከተሉት። ማናህሎሽ ጸሎት ሳይሆን እልልታ ወጣት፤ ሉባባ ተቀበለቻት፣ እናቴም ተቀበለች፣ የሾላ ምንጭ ሴቶች በሙሉ እልል አሉ። ቆፋሪዎቹም ከሰዓት በኋላ የቆፈሩት ከጠዋቱ በለጠ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የመጨረሻዋ ድንጋይ ተፈነቀለች፤ ደፍረስ ያለው ውሃ እየተንከባለለ መጣና እንደ ደንቡ በቅድሚያ የማናህሎሽን ማሳ አጠጣ።

ቸርነት ነጠላው ገና ወገቡ ላይ እንደታሰረ ጎላው ዘንድ ቆሞ ነበር። ወለሉን በእንጀራ ቁራሽ እየጠረገ ነው። ማናህሎሽ ስትመጣ አየና ጉሮሮውን ጠረገ። ማሳው ላይ የቀረውን ቲማቲም እወስደዋለሁ፣ እንዳለ፣ ሳልመርጥ አላት።

«ወድቋል አላሉኝም? የወደቀ አይሸጥም» አለችው። «ነገ ሌላ ጎላ እጥዳለሁ።»

 ቸርነት ነጠላውን ፈትቶ ለአያ ይመር መለሰላቸውና፣ እንደ ክስ ሳይሆን እንደ ምስኪን ጥያቄ ጠየቃቸው።

«አያ ይመር፣ ይህ እኮ እኔ ራሴ በጣቴ ያፈረጥኩት ቲማቲም ነው። ገበያው የጣለው ነው። ምን ቢያደርጉት ነው እንዲህ የሆነው?»

አያ ይመር ነጠላቸውን አራግፈው ትከሻቸው ላይ መለሱት፤ ውሃው ማናህሎሽ ማሳ ውስጥ ሲገባ ጥቂት አዩና፣ ቦዩ ውስጥ ያለው ቆፋሪ ሁሉ እየሰማቸው እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፣ ገበያ የጣለውን ድስት ያነሣዋል።»